ሰባተኛው ምድር ቤት

ወጌሻው ሴይጂ ኩሪሃራ የሰው ገላ ሲነካ ባለቤቱ ደብቆት የከረመውን ሁሉ ያውቅበታል እያሉ በኡባሳዋ ፍል ውሃ መንደር ያወሩለታል። ማን በረዶ ሲዝቅ እንደሰነበተ፣ ማን ከደረጃ ወድቆ አልወደቅሁም እንደሚል፣ ማን ከሚስቱ ጋር ጀርባ ተሰጣጥቶ እንዳደረ በመዳፉ ያነበዋል። ዓይኑ ከጠፋ ሃያ ሦስት ዓመት አልፎታል። እጁን ግን እንደ ወሬኛ ጎረቤት ምንም አያመልጠውም።

በኅዳር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጡረተኛው ፖስተኛ ሞሪኪ ሃናዋ እንደ ልማዱ ትከሻውን ሊታሽ መጣ። ሴይጂ ከትከሻው ወደ ክንዱ፣ ከክንዱ ወደ መዳፉ ወርዶ ሲያፍታታው ቀኝ አውራ ጣቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ጣት ምን ነክቶት ነው ያበጠው?»

«ተወው፣ ይቅርብህ።»

«ደብዳቤ ማደል ካቆምክ ስድስት ዓመትህ እኮ ነው።»

«ተወው አልኩህ መምህር!» በመንደሩ ወጌሻን ሁሉም መምህር ይለዋል፤ ሞሪኪ ግን ሲናደድ ወይም ሲጨንቀው ነው የሚለው። ቀጥሎም፣ «ጌም ነው» አለ፣ ከፊቱ ሥር በተነጠፈው ጨርቅ ውስጥ አፉን ቀብሮ።

«ምን?»

«ጌም! የእህቴ ልጅ ወደ ከተማ ሲሄድ ማሽኑን ትቶልኝ ሄደ። በቃ፣ ተሳቅቄ ልሙት?»

ሴይጂ ሳቁን ዋጠ። ሞሪኪ ሚስቱ ቺዮኖ ከሞተች ሁለተኛ ክረምቱ ነው፤ በዚያ ባዶ ቤት ብቻውን ምን ሲሠራ ይውላል እያለ ሲጨነቅለት ነበር። «ምን ዓይነት ጌም ነው ታዲያ?»

«ዘጠኝ ምድር ቤት ይባላል። አዲስ ነው፣ አሠራሩ ግን ሆን ተብሎ የድሮ ነው አሉ። ስድስት ሰው አስከትለህ ከርሰ ምድር ትገባለህ፤ አውሬ ትገድላለህ፣ ወደ ታች ትወርዳለህ። እኔ እንኳ መውረዱ ቀርቶብኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ የመጀመሪያው ፎቅ ላይ እየዞርኩ ነው።»

ይህ ለሴይጂ አዲስ ነገር አልነበረም። ሞሪኪ አቅጣጫ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ፖስታ ያደለው ሸለቆው አንድ መንገድ ብቻ ስላለው ነው፤ ሁለት ቢኖረው ኖሮ ግማሹ አገር ደብዳቤ አይደርሰውም ነበር።

«ስትራመድ እንዴት ነው?» አለ ሴይጂ። «እንደ ልቡ ይንሸራተታል ወይስ አንድ ስትጫን አንድ እርምጃ ነው?»

«አንድ ስትጫን አንድ እርምጃ። ዱብ ይላል።»

«ስትዞርስ?»

«ሩብ ዙር። ወይ ግራ ወይ ቀኝ፣ መሃል የለም።»

የሴይጂ እጅ ትከሻው ላይ እንደተጫነ ቀረ።

«ምነው? ጨረስክ እንዴ? ገና ግራው አልተነካም!»

«ካርታ ይሰጥሃል?»

«የት አባቱ! ራስህ ሳል ይላል። ትልቁ ጉድለቱ እሱ ነው።»

«ጉድለት?» አለ ሴይጂ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። «ነገ ጠዋት ቤትህ ነኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴይጂ ሃያ ዓመት ሲሞላው የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ተቀጥሮ፣ ከደሞዙ ቆጥቦ የመጀመሪያውን የጌም ማሽን ገዝቶ ነበር። ያኔ እንደነዚህ ያሉት የዋሻ ጌሞች የወጣቱ ሁሉ ፍቅር ነበሩ። ባለ ካሬ ወረቀት ዘርግቶ፣ እርሳስ ቀርጾ፣ አንድ እርምጃ አንድ ካሬ እያለ ግድግዳውን ሁሉ ይስል ነበር። ሃያ ስምንት ዓመቱ ላይ የበሩ መቃን ትከሻውን መምታት ጀመረ። ሐኪሙ ዓይንህ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ነው፣ መድኃኒትም የለውም አለው። ሌላው ሁሉ ከዓይኑ እየሸሸ ሲሄድ የጌሙ ዋሻ ግን ቆየለት፤ ዋሻው ራሱ ጠባብ፣ ሁልጊዜም መሃል ላይ ነበርና። ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላው እሱም ጠፋ። ማሽኑን ለጎረቤት ሰጥቶ፣ ወረቀቶቹን በምድጃ አቃጥሎ፣ ያማጋታ ከተማ ወርዶ የወጌሻነት ትምህርት ቤት ገባ። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛዋን ፉሚዬን አገባ። «መልኬን አይቶ አላገባኝም፣ ስለዚህ ባረጅም አይከሰኝም» ትላለች እሷ እስከ ዛሬ።

በመካከሉ ሰዎች አዳዲስ ጌሞችን አስሞክረውት ያውቃሉ። አንዱም የሚጨበጥ አልሆነለትም። ሁሉም በረዶ ላይ እንደ መንሸራተት ነው፤ ምን ያህል እንደዞርክ፣ ምን ያህል እንደሄድክ ልክ የለውም። ሩብ ዙር የሚለውን ቃል በሰማ ጊዜ ልቡ የዘለለው ለዚህ ነው።

በማግስቱ፣ ገላ የሚያሽበት የፍል ውሃው ሆቴል እንግዶች ከወጡ በኋላ፣ አዲሶቹ ሳይገቡ፣ ሴይጂ በዱላው በረዶውን እየነካ ሞሪኪ ቤት ደረሰ። እግራቸውን ከስሩ በሚሞቀው ጠረጴዛ ውስጥ ከተው፣ ኮምጣጣ ፍጅል እየቆረጠሙ ተቀመጡ። ጆይስቲኩን ሴይጂ ያዘ። ሞሪኪ የተጻፈውን ሊያነብ ተስማማ።

«ወደፊት» አለ ሴይጂና ተጫነ። ዱብ። ዱብ። ዱብ። ደንግ!

«ግድግዳ ነው» አለ ሞሪኪ።

«ሰምቻለሁ። ሦስት ወደ ሰሜን።» ዞረ፤ ተጫነ፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ደንግ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ «ሞሪኪ፣ ሁለት ሳምንት ስትዞርባት የነበረችው ክፍል አራት በአራት ናት። በሩ ከኋላህ ነበር» አለው።

«ከኋላዬ ማን ያያል!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ሆነ። ሴይጂ ከመሰንጠቂያ ቤቱ የቀድሞ ጓደኞቹ ሳንቃ አስመጣ። በእያንዳንዱ ላይ ሃያ አንድ በሃያ አንድ፣ አራት መቶ አርባ አንድ ጥቃቅን ምስማር በጣት ስፋት እየለካ ቸነከረ። ግድግዳ ባገኘበት ከምስማር ምስማር ክር ይወጥራል፤ በር ባገኘበት ቋጠሮ ያስራል። አንድ ምድር ቤት፣ አንድ ሳንቃ።

«ቀዩ ክሬ የት ገባ?» አለች ፉሚዬ አንድ ጠዋት።

«ሁለተኛ ምድር ቤት።»

«ለሹራብህ የገዛሁት እኮ ነው!»

«ሰሜን ምዕራብ ጥግ ላይ ነው። ሲያልቅ እፈታልሻለሁ።»

«እስኪያልቅ በብርድ ከሞትክ ሳንቃውን አልብሼ እቀብርሃለሁ።» ይህን አለችና ሌላ ልቃቂት አምጥታ ጭኑ ላይ ወረወረችለት።

የስድስቱን ሰዎች ስም ያወጡት ተራ በተራ ነበር። ፈዋሿን መነኩሲት ሞሪኪ ቺዮኖ አላት። ሴይጂ ሲሰማ ጆይስቲኩን አስቀመጠ።

«ይቅርብህ። በዚህ ጌም የሞተ ሰው መቅደስ ተወስዶ ካልተነሣ አመድ ይሆናል። አመዱ ደግሞ ካልተነሣ ጭራሽ ይጠፋል። ተመልሶ አይመጣም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ከኋላ ትሰለፋለች። ማን ይነካታል?» አለ ሞሪኪ። ሴይጂ ጆይስቲኩን መልሶ አነሣ።

ታኅሣሥና ጥር እንዲህ አለፉ። ሞሪኪ ሲያነብ ድምፁ የፖስታ ቤት ነው። «ሦስት የበሰበሱ ሬሳዎች ደርሰዋል! ተቀባይ፣ ፊት ለፊት ያሉት!» ይላል። ሴይጂ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት የማይገባውን ይጫናል። በጌሙ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ይሟገታሉ።

«ሐቀኛ ነው» ይላል ሴይጂ። «ትናንት የነበረ ግድግዳ ዛሬም እዚያው ነው። ብትሞት በራስህ ጥፋት ነው። ወለሉ እንኳ ይነግርሃል፤ ሦስተኛው ላይ ድንጋይ ነው፣ አራተኛው ላይ ውሃ ይረግጣሉ።»

«ከረጢቱስ? ለአንድ ሰው ስምንት ዕቃ! ቁልፍ ሲመጣ ዳቦ ጣል፣ ዳቦ ሲመጣ መድኃኒት ጣል። ሐቀኛ ነው ትለኛለህ፣ እኔ ስስታም ነው የምለው። ፊደሉ ደግሞ ለጉንዳን የተጻፈ ነው።»

«የከረጢቱን እቀበልሃለሁ።»

ለሴይጂ ትልቁ ጉድለት ሌላ ነበር። የዕቃው ዝርዝር ላይ ሲወርድ ሁሉም ድምፅ አንድ ዓይነት ነው፤ ጢብ፣ ጢብ፣ ጢብ። በቁጥር ነው የሚይዘው። አንድ ቀን ሞሪኪ ሻይ ሊቀዳ ተነሥቶ ሳለ አንዲት ጢብ አሳስቶ ቆጠረና ከአምስተኛው ምድር ቤት በስንት መከራ ያገኙትን ጋሻ ለሻጩ በሳንቲም ሰጠው። ዋሻውን እንደዚያ አድርጎ በድምፅ የሠራ ሰው ሱቁን እንዴት ድዳ አድርጎ ተወው? ሳምንቱን ሙሉ ሲብከነከን ከረመ።

በጥር መጨረሻ ስድስተኛውን ጨርሰው የሰባተኛውን ደረጃ አፍ አገኙ። ሴይጂ በበረዶ ስፖርት እንግዶች ብዛት አራት ቀን ሥራ ስለሚውል፣ «እስከ ሐሙስ እንዳትነካው» ብሎ ሄደ።

ሐሙስ ሲመጣ የሞሪኪ ቤት በር ተዘግቷል። ስልክ አያነሣም። ዓርብም እንዲሁ። ቅዳሜ ሴይጂ በዱላው በሩን እየደበደበ ቆመ።

«እንዳለህ አውቃለሁ! የምድጃህ ጭስ ይሸተኛል!»

በሩ ተንሸራተተ። ቤቱ ልቅሶ ቤት ይመስላል፤ ሬዲዮው እንኳ ጠፍቷል።

«ገደልኳቸው» አለ ሞሪኪ።

«ማንን?»

«ሁሉንም። ብቻዬን ወረድኩ። ሐሙስ ስትመጣ ‹ሰባተኛው ይኸውልህ› ልልህ ነበር። መምህር፣ እዚያ ምንም አይታይም! ማያው ጥቁር ነው፣ ጭልጥ ያለ ጥቁር! ወደፊት ስል ግድግዳ፣ ስመለስ ግድግዳ። የት እንዳለሁ ሳላውቅ የሆነ ነገር መጥቶ ስድስቱንም በላቸው። ቺዮኖ መጨረሻ ነው የወደቀችው። ሁለተኛ ጊዜ ነው እኮ የቀበርኳት።»

ሴይጂ ተናዶ ነበር የገባው። ሦስት ወር የደከመባቸውን ሰዎች ያለ እሱ ጨለማ አስገብቶ! አሁን ግን ቁጣው በረደ። እየዳሰሰ ሄዶ የሞሪኪን ትከሻ ያዘ፤ እንደ እንጨት ደርቋል።

«አልተቀበሩም» አለው። «በዚህ ጌም ሬሳ ወድቆ የቀረበት ካሬ ላይ ይጠብቃል። ሌላ ጓድ አውርደን እናወጣቸዋለን። የት ጋ ነው የወደቃችሁት?»

«ባውቀው ኖሮ እወድቅ ነበር?» ሞሪኪ አፍንጫውን ጠረገ። «ደግሞም ትንሽ ብንታገሥ ይሻላል። ኢንተርኔት ላይ ሰው ሁሉ እየተሳደበ ነው። የጌሙ ትልቁ ጉድለት ሰባተኛው ነው፣ ግፍ ነው፣ ሳታውቀው የሚያዞርህ ወለል አለበት ይላሉ። ሴንዳይ ያሉት ሠሪዎችም ይቅርታ ጠይቀዋል። በመጋቢት መጨረሻ መብራት ያስገቡለታል።»

«መብራት?»

«አዎ።»

«ለማን?» አለ ሴይጂ።

ሞሪኪ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ሁለቱም እኩል ሳቅ ፈነዳባቸው። ለሞሪኪ በሳምንቱ ውስጥ የመጀመሪያ ሳቁ ነበር፤ እንባውም አብሮ ወጣ።

ሦስት አዳዲስ ሰዎች ፈጠሩ። አንድ ጓድ ከስድስት ስለማይበልጥ፣ ሦስት ሬሳ ለመሸከም ሦስት ቦታ ባዶ መቅረት ነበረበት፤ ስድስቱን ለማውጣት ሁለት ጊዜ መመላለስ የግድ ነው። ሦስቱን ጀማሪዎች ላይኞቹ ፎቆች ላይ ለሁለት ሳምንት አለማመዷቸው። ከዚያ፣ ቀደም ሲል በከፈቱት አቋራጭ የገመድ መውረጃ በኩል ስድስተኛው ላይ አረፉ፤ ውጊያ ሲመጣ እየሸሹ፣ የተቀሩትን ካሬዎች ሴይጂ ሳንቃውን ሳይነካ በቃሉ አስሮጣቸው። የሰባተኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ሴይጂ ትልቁን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፋ።

«ጠቆረ» አለ ሞሪኪ በሹክሹክታ።

«አንተ ዓይንህን ጨፍን፤ ፍርሃትህ እጄ ላይ ይመጣብኛል።»

ዱብ። ዱብ። እዚህ ወለሉ አሸዋ ነው፤ ሽርክ ይላል። ከሩቅ፣ በቀኝ ጆሮው በኩል፣ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ጠብ… ጠብ… አንድ ወደፊት ሲል ጠብታው ትንሽ ቀረበ። ሌላ አንድ። ጠብታው በድንገት ግራ ጆሮው ውስጥ ገባ።

ሴይጂ ጣቱን አነሣ።

«ምን ሆንክ?» አለ ሞሪኪ።

«ዞርኩ።»

«አልተጫንክም እኮ።»

«እኔ አልዞርኩም፤ ወለሉ አዞረኝ። ውሃው በቀኜ ነበር፣ አሁን በግራዬ ነው። ግማሽ ዙር።» ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ጫነ። «ሞሪኪ፣ ሰው ያስቀመጠው ነው! ይሄንን ጠብታ ሆን ብሎ ያስቀመጠ ሰው አለ። ጨለማው ያለ ምልክት አልተተወም። ዓይን ያለው ሁሉ ጥቁሩ ማያ ላይ አፍጥጦ ሲራገም ጆሮውን ረስቶት ነው እንጂ!»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሴይጂ በጌሙ ውስጥ እንግዳ ነበር፤ ለዓይን የተሠራን ነገር በሰው ዓይን ተውሶ የሚጫወት። አሁን ግን ከሰው ሁሉ ቀድሞ ገብቶ በሩን ከውስጥ እንደከፈተ ባለቤት ሆነ። በአሸዋው ላይ መራመድ ጀመረ፤ እንደ ቤቱ ኮሪደር ነበር የሚሄድበት። አዟሪ ወለል ባገኘበት ቁጥር ጠብታውን ይሰማል፣ ተመልሶ ይስተካከላል፣ ምስማሩ ላይ ሁለት ቋጠሮ ያስራል። ሞሪኪ ክሩን እየፈታ ያቀብላል። ሁለት ጊዜ አውሬ ደርሶባቸው ሸሹ። አንድ ጊዜ ከሦስቱ ጀማሪዎች አንዱ ሊወድቅ ጥቂት ቀርቶት ተመለሱ። በዚህ ዓይነት ዘጠኝ ጠዋት ሄደ።

በአሥረኛው ጠዋት፣ ከደረጃው አሥራ አራት ወደ ምሥራቅ፣ ስድስት ወደ ደቡብ ላይ፣ አንዲት ጽሑፍ ወጣች። ሞሪኪ ማንበብ ጀመረ። የፖስታ ቤቱ ድምፅ ግን አልመጣለትም።

«‹በእግርህ ሥር የወደቁ አሉ› ይላል። ስም ዝርዝር አለ። መምህር… አራተኛዋ እሷ ናት።»

«ቺዮኖን መጀመሪያ አንሣት። ቀጥሎ ሁለቱን ጦረኞች።»

ከሬሳዎቹ ጋር መመለስ ነበረ የቀረው። ሴይጂ ሳንቃውን ጭኑ ላይ ትቶ፣ አንድም ጊዜ ሳይዳስሰው፣ ስድስት ሰሜን፣ ሁለት ምዕራብ፣ አዟሪውን በግራ አልፎ፣ አንድም ሳይሳሳት ደረጃው ላይ አወጣቸው። ለቀሩት ሦስቱ ሲመለሱ የፈጀባቸው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ያህል ነው።

መቅደሱ ውስጥ አምስቱ ተነሡ። ሄይታ የሚባለው ቁልፍ ሰባሪ አመድ ሆነ፤ አመዱም አልተነሣም። ስሙ ከዝርዝሩ ሲጠፋ ሴይጂ ጣቱን ከጆይስቲኩ ላይ አነሣ። ቺዮኖ ግን በመጀመሪያው ደወል ተነሣች። ሞሪኪ እንደ ልጅ ተነሥቶ ሲዘል ጠረጴዛውን በጉልበቱ ገለበጠው፤ ፍጅሉም ሻይውም ሴይጂ ላይ ፈሰሰ።

«ተነሣች! አየህ? ተነሣች!»

«አላየሁም፣ ግን ተቃጥያለሁ!» አለ ሴይጂ እየሳቀ።

በዚያው ቀን ለሴንዳዮቹ ደብዳቤ ጻፉ። ሴይጂ ተናገረ፣ ሞሪኪ በዚያ በሚያምር የፖስተኛ እጁ ጻፈ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፤ «ዓይኔ አያይም። ጌማችሁን ስድስት ምድር ቤት በጓደኛዬ ዓይን፣ ሰባተኛውን ግን በራሴ ጆሮ ተጫወትኩት። ሰዎች ጉድለት ያሉት ሰባተኛው ከሠራችሁት ሁሉ የበለጠ ነው። እባካችሁ መብራት አታስገቡበት፤ ይልቅ ሰው ጆሮውን እንዲከፍት አንድ ቃል ቀደም ብላችሁ ንገሩት። እውነተኛውን ጉድለታችሁን ደግሞ ልንገራችሁ። የዕቃ ዝርዝራችሁ ድዳ ነው። ከረጢታችሁ ጠባብ ነው። የመቅደሱ ዘፈን ከአርባኛው ጊዜ በኋላ ጥርስ ያሳምማል።» ሞሪኪ ከታች በራሱ፣ «ፊደሉም ትንሽ ነው፣ ፖስተኛው» ብሎ ጨመረ።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ አንዲት ሴት ከአውቶቡስ ወርዳ የወጌሻውን ቤት ጠየቀች። ኦኩዳይራ ትባላለች፤ ጌሙን ከሠሩት ሦስት ሰዎች አንዷ ናት። ፉሚዬ ሻይ አቅርባላት ሳትጠጣው ቀዘቀዘ።

«ጠብታውን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «ድምፁ በሙሉ የእኔ ሥራ ነው። ጌሙ ከወጣ ስድስት ወሩ ነው፤ አንድም ሰው ሰማሁት ያለ የለም። ባልደረቦቼ ‹ማንም የማይሰማውን ነገር ይዘን ሰው አናስቀይም፣ እናብራው› ሲሉኝ እሺ አልኳቸው። ደብዳቤዎን ሳነብ ቢሮ ውስጥ ጮህኩ።»

«እንግዲያው እሺታሽን መልሺያ» አለች ፉሚዬ፣ እንግዳ ነች ብላ ሳትል።

ኦኩዳይራ መልሳው ነበር የመጣችው። ሴይጂ ሲጫወት ማየት ብቻ ፈልጋለች። ሞሪኪ ቤት ሄደው ሴይጂ ሰባተኛውን ከመውረጃው ደረጃ እስከ ቀጣዩ ደረጃ አሳያት። ማያው ጥቁር፣ ቤቱ ጸጥ ያለ፣ የእሱ ጣት ብቻ ዱብ ዱብ ይላል። ሴትዮዋ ክር የተወጠረበትን ሳንቃ በሁለት እጇ ይዛ፣ በጣቷ እየተከተለችው፣ እያንዳንዱ ግድግዳ እሷና ጓደኞቿ ካስቀመጡበት አንድ ካሬ እንኳ እንዳልተዛነፈ አየች።

«አንድም ስህተት የለውም» አለች።

«አንድ አለው» አለ ሞሪኪ። «ሹራብ መሆን ነበረበት።»

በመጋቢት መጨረሻ ማስታወቂያው ወጣ፤ ሰባተኛው እንደ ጨለመ ይቀጥላል፤ ከመግቢያው አጠገብም ‹አዳምጥ› የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። ሰዎች ማዳመጫ አድርገው እንደገና ወረዱ። ያንን ፎቅ ሲረግሙ የነበሩት፣ ሞሪኪ እንዳነበበለት ከሆነ፣ አሁን ‹እኔ ድሮም ወድጄው ነበር› ይላሉ። የዕቃው ዝርዝርም አፍ አወጣ፤ ሰይፍ ላይ ሲደርስ ሰይፍ ይላል፣ ጋሻ ላይ ሲደርስ ጋሻ። ፊደሉን የሚያተልቅ ቁልፍም ገባ። ከረጢቱን ግን አላሰፉትም። ኦኩዳይራ ስልክ ደውላ ‹እሱ እንኳ ሆን ብለን ነው› ስትላቸው ሞሪኪ ስልኩን ነጥቆ ሩብ ሰዓት ተከራከራት።

ዘጠነኛውን በሚያዝያ፣ በረዶው ከጣሪያ ላይ እየተንሸራተተ ሲወርድ ጨረሱት። በመጨረሻው ክፍል የተቀመጠው ንጉሥ ረጅም እንጂ ከባድ አልነበረም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲመቱት ዋሉ፣ እሱም ሲመታቸው ዋለ፣ ሞሪኪ ሊያንቀላፋ ደረሰ። ሲወድቅ ሴይጂ፣ «በቃ? ይሄ ነው?» አለ። ጉድለት ብሎ መዘገበበት። ይሁንና ስድስቱ ሰዎች ደረጃውን ወጥተው፣ ከዘጠኝ ምድር ቤት በኋላ የሣር ድምፅ እግራቸው ሥር ሲሰማ፣ ከዚያም ነፋስ፣ ከዚያም ወፍ፣ ሴይጂ ማዳመጫውን አውልቆ ሞሪኪ ጆሮ ላይ አደረገለት። ሞሪኪ እስኪያበቃ አላወለቀውም።

በማግስቱ ሴይጂ ሞሪኪን ሳይጠራ፣ ማሽኑን ተውሶ፣ በራሱ ቤት ለብቻው ተቀመጠ። ዝርዝሩ አሁን ይናገራል፤ አንባቢ አያስፈልገውም። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ማንንም ሳይጠይቅ ስድስት ሰው ፈጠረ፣ ራሱ ስም አወጣላቸው፣ ራሱ ሰይፍ ገዛላቸው፣ ራሱ በሩን ከፈተ። ፉሚዬ ከጓዳ ሆና ዱብ፣ ዱብ፣ ከዚያም ትልቅ ጩኸት ሰማች።

«ምን ሆንክ?»

«ሞቱ!»

«ማን?»

«ስድስቱም! የመጀመሪያው በር ላይ! ገና ስድስት እርምጃ ሳይሄዱ!» አለ ሴይጂ፣ እየሳቀ ጭኑን በጥፊ እየመታ፤ «ፉሚዬ፣ አይጥ ነው የበላቸው! አይጥ!»

አሁንም እየሳቀ ሰባተኛውን ሰው መፍጠር ጀመረ።